የሸንቃጣ ሰላጣ ቤት የዘወትር ደንበኛ

ሐረገወይንን የጎንደር ማራኪ ሠፈር ሰው ሁሉ በምግቧ ያውቃታል፤ እኔ ግን በወገቧ ነው የማውቃት። ልብስ ሰፊ ነኝ። የእሷ ምግብ ቤትና የእኔ የስፌት ክፍል ከዩኒቨርሲቲው አጥር ጀርባ ጎን ለጎን ናቸው፤ የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ቀሚሷን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ሜትሩን በወገቧ አዙሬ "መቶ አሥራ ሁለት" ስላት እንደ ሌሎቹ ሴቶች ትንፋሿን ውጣ ሆዷን አትሰበስብም። "ሸጋ፤ ካምናው አልጎደልኩም" ትላለች። እሷ በተወለደችበት፣ ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ ሴት ደልደል ስትል ቤቱ ጠገበ ይባላል። ሐረግ ውፍረቷን በላቧ ያፈራችው ሀብት አድርጋ ነው የምታየው።

ከመጀመሪያው ልናገር፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። እጄ አለበት፣ መርፌዬም አለበት። ቂም የያዘ ሰው ሳይ "ተይው" የሚል ምክር ከአፌ አይወጣም። ሲተዉ የኖሩ ሰዎች መተዋቸው ምን እንዳስገኘላቸው አይቻለሁ፤ ምንም።

ቤዛዊት የዛሪማ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ልትማር መጥታ ሦስተኛ ዓመት ላይ የግቢው ምግብ አልስማማ አላትና ሐረግ ከምግብ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ክፍል ሰጠቻት። ኪራይ ስትጠይቃት ሰምቼ አላውቅም። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ሽንኩርት ትልጣለች፣ ሐረግ ታበላታለች፤ በቃ። ተመርቃ ሥራ ስታጣ ደግሞ አንድ ዓመት ተኩል እዚያችው ክፍል ተቀመጠች። ሐረግ ልጅ የላትም። "ልጄ" ስትላት ከልቧ ነበር፤ ቤዛዊትም "እትዬ" ስትላት ከልቧ ይመስለን ነበር።

የሐረግ እጅ በጾም ነው የሚታወቀው። አዚፋዋ ድፍን ምስሩ ሳይፈርስ ተቀቅሎ፣ ሰናፍጩ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ሎሚው ያልተሰሰተበት ነው። ባቄላና ሽንብራ ሦስት ቀን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና ጭራ ሲያወጣ ለብ አድርጋ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር ታቀርበዋለች፤ በቆልቷን ለመብላት ከአዘዞ ድረስ የሚመጣ ሰው አለ። ጥቅል ጎመን እንደ ክር አቅጥና ከትፋ በጨውና በሎሚ ታሸዋለች። በዘይት ፋንታ ተልባ ቆልታ ወቅጣ፣ በውኃ አጥልላ ነው የምታፈስበት። ቀይ ሥሩንና ካሮቱን ሳልቆጥር ነው። ይህን ሁሉ ያስተማሯት እናቷ ናቸው፤ እሳቸው ስለ ክብደት መቀነስ ሰምተው አያውቁም፤ ጾም ስለሆነ ብቻ ይሠሩ ነበር። ቤዛዊት ሐረግ ስትሠራ አጠገቧ ቆማ በስልኳ ትቀርጻታለች። "ለማስታወሻ ነው እትዬ" ትላለች፤ ሐረግም ጎመኑን ከእጇ አራግፋ ለካሜራው ትስቃለች።

አምና ጥምቀት ወደ ቀሐ ጥምቀተ ባሕር ስንወርድ ሐረግ እኔ የሰፋሁላትን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ደረቱና ትከሻው ላይ በወርቅማ ክር ያወጣሁት ጥልፍ በጎንደር ውስጥ አንድ ብቻ ነው። ታቦቱን ለማየት አንገቷን አስግጋ፣ ሆዷ ወደፊት ወጥቶ ቆማ ሳለች ቤዛዊት ከጎን ፎቶ አነሳቻት። እኔም አጠገባቸው ነበርኩ፤ ምንም አልመሰለኝም።

ዓመቱ ሊደፍን ሲል ቤዛዊት "ሥራ አገኘሁ" ብላ ክፍሉን ለቀቀች። ለገና በዓል አንድ ሳምንት ሲቀረው ከዋናው መንገድ ዳር፣ ሚኒባሶቹ በሚቆሙበት ፊት ለፊት አንድ ቤት ተከፈተ፤ "ሸንቃጣ ሰላጣ ቤት" ይላል። ከመስኮቱ በላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። በቀኝ በኩል ከየት እንዳመጣቻት የማላውቃት ቀጭን ልጅ አለች፤ ከሥሯ "በኋላ" ተብሎ ተጽፏል። በግራ በኩል ያ አረንጓዴ ቀሚስ፤ ከሥሩ "በፊት"። የሐረግ ዓይን ላይ እንደ ሌባ ጥቁር መስመር ተሰምሮበታል። "በሁለት ወር ብቻ! በቤዛዊት ልዩ አሠራር!" ይላል ከታች። አዚፋው "የስብ ጠላት" ተብሏል፣ በቆልቱ "ጉልበት"፣ ጎመኑ "ወገቤ"። አሠራሩ አንዲት ጭብጥ ጨው እንኳ አልተለወጠም፤ የጾም ምግብ ስሙ ተቀይሮ ነው።

ሐረግ ያየችው ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሆና ነው። ረዳቱ ባነሩን አየ፣ እሷን አየ፣ ደግሞ ባነሩን አየ። "እማማ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ?" ሲላት ሚኒባስ ሙሉ ሰው ዞረ። ያን ቀን ያንኑ ቀሚስ ለብሳ ነበር። እኔ ዘንድ ስትገባ ፊቷ አመድ መስሏል። ወንበር ላይ ዘጭ ብላ "ጥሩነሽ፣ ምነው እኔን? ምን አደረግኋት?" አለችና አለቀሰች። ስትስቅ ብቻ የማውቃት ሴት ስታለቅስ ደሜ ፈላ። መቀሴን ይዤ ተነሣሁ፤ ባነሩን ልበጣጥሰው። እጄን ያዘችኝ። "ብትቀጂው ሌላ ታሠራለች" አለች ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች።

በማግስቱ አብረን ሄደን ጠየቅናት። ቤዛዊት ዓይኗን በጨው አጥባ "ፊትሽ እኮ አይታይም እትዬ" አለች።

"አሠራሩስ?"

"ምስርና ሰናፍጭ የማንም ነው።"

ሐረግ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባነሩ ይውረድ፤ ልጅቷም ቲክቶክ በምትለቅበት ስልኳ ፊት ቀርባ "ይህን ያስተማረችኝ ሐረገወይን ናት፣ በድያታለሁ" ትበል። በሰው ፊት የተዋረደችውን በሰው ፊት እንድትመልስላት ነው የፈለገችው። ቤዛዊት ሳቀች። "እንዲህማ ካልኩ ማን ይመጣልኛል?" አለች። ሐረግ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ገና አለፈ። ሰው ሁሉ ሥጋ ላይ በወደቀበት ሰሞን አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ምግብ ቤቷን ለአስተናጋጇ ትታ ወደ እኔ መጣች። አረንጓዴውን ቀሚስ ይዛለች።

"ተኩሽልኝ" አለች።

"ወዴት ልትሄጂ ነው?"

"ምሳ ልበላ። ሰላጣ አምሮኛል።"

አብሬያት ሄድኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም። ሸንቃጣ ቤት ገብታ ልክ ከባነሩ ሥር፣ መስኮቱ ጥግ ያለውን ወንበር መርጣ ተቀመጠች። ከመንገድ የሚያይ ሰው ከላይ የተሰቀለችውን ሴት ከታች ቁጭ ብላ ያያታል፤ ያው ቀሚስ፣ ያው ወገብ። "የስብ ጠላት" አዘዘች። ሳህኑን አጽድታ በላች። "ሰናፍጩ አንሷል" አለች ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ፤ ከፍላ፣ አመስግና ወጣች። በማግስቱም መጣች። በሦስተኛውም ቀን መጣች። ሳምንት ሳይሞላ ነገሩ ለተማሪዎቹ ገባቸው።

"እማማ፣ እዚህ ሲመገቡ ቆዩ?" ይሏታል።

"በየቀኑ ነው የምበላ ልጄ፤ ይኸው እንደምታየኝ ነኝ" ትላለች ሆዷን መታ መታ እያደረገች።

የዚያን ጊዜው ሳቅ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቤዛዊት ባንኮኒው ጀርባ ሆና ትቀላለች፣ ትጠቁራለች። የሚከፍል ደንበኛ በምን ምክንያት ታባርራለች? ባነሩን እንዳታወርደው አመነች ሊባል ነው፤ እንዳትተወው ሐረግ ከሥሩ አትነሣም። የሠፈሩን ሽማግሌ፣ አያ ባዬን ላከችባት። "ምነው ሐረግ፣ ልጅ አይደለችም? ተያት እንጂ" አሏት። "አያ ባዬ፣ እኔ ምን አደረግሁ? ምሳዬን ነው የበላሁ" አለች ሐረግ። "በሰው ፊት ትናገር፣ ያን ዕለት እተዋለሁ።" አያ ባዬ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ የሚሆንላት አላገኘችም።

ያላሰብነው ነገር ግን መጣ። ከቀን ወደ ቀን ምሳ ሰላጣ ብቻ መብላት ሥራውን ይሠራል። የካቲት መግቢያ ላይ ሜትሩን ሳዞር መቶ ስምንት ሆነ። ሐረግ ደነገጠች። "ሜትርሽ ውሸታም ነው" አለችኝ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ገንፎ በቅቤ፣ ጠዋት እርጎ፣ በመሃል ፍትፍት ሆነ። እየታገለች ስትውጥ አይቻታለሁ። የቀረው ዓለም ለመክሳት ሲሠቃይ እሷ ላለመክሳት ተሠቃየች። ወደ መቶ አሥራ አንድ ስትመለስ "እሰይ!" ብዬ እልል አልኩ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

ሐረግ ጾም አትሽርም። ኀምሳ አምስት ቀን ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አትቀምስም። ሰላጣውን ወደ ዘጠኝ ሰዓት አዛወረችው፤ ከቅዳሴ ወጥታ በቀጥታ ሸንቃጣ ቤት። ሌላውን ግን በምን ታካክሰው? በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት፣ በምኩራብ፣ መቶ ስድስት ሆነች፤ በመጻጉዕ መቶ አንድ። ቀሚሱ ከትከሻዋ ይንሸራተት ጀመር። አንድ ቀን በፌስታል ጥጥ ይዛ መጣች።

"ወገቡና ዳሌው ላይ ሙይልኝ" አለች።

ውርድ ከራሴ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ከውስጥ ገበር ሰፍቼ ጥጡን ሞላሁት። መስታወት ፊት ቆማ ጎኗን ጫን ጫን አደረገችው። ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ እሷ እጇን ከጎኗ አነሳች። "ጾሜን ምን እያደረግሁት ነው?" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ጾሙ ያከሳኝን በጥጥ እከራከረው ጀመር።" ጥጡን ግን አውጪው አላለችኝም።

ፊት በጥጥ አይሞላም። ጉንጯ ገባ፣ አንገቷ ወጣ። በጾሙ እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት ሳምንት፣ አንዲት ተማሪ ሸንቃጣ ቤት ውስጥ "ወይኔ፣ እማማ ከስተዋል እኮ! ለካ ይሠራል!" ብላ ጮኸች። ሁሉም ባነሩን አዩ፣ እሷን አዩ። በሁለት ቀን ውስጥ ወሬው ግቢውን ሞልቶ ሰልፉ እስከ ሚኒባሶቹ መቆሚያ ደረሰ። ሁለት ወር ሙሉ የለፋችበትን በቀል ሐረግ በገዛ ጉንጯ አፈረሰችው። ቤዛዊት በደስታ መሬት አልበቃት አለ። ሐረግ ክፍሏን ዘግታ ሦስት ቀን ምግብ ቤቷንም አልከፈተችም።

በገብር ኄር ሳምንት ሐሙስ ዕለት ቤዛዊት ራሷ መጣች። እኔም ነበርኩ። "እትዬ፣ የጠየቅሽኝን አደርጋለሁ" አለች። "ባነሩን አወርዳለሁ። በቀጥታ ሥርጭት ሁሉንም እናገራለሁ። አንቺ ብቻ አጠገቤ ቆመሽ ከሰላጣው እንደከሳሽ ተናገሪልኝ።" ሐረግ አየቻት፣ አየቻት። "ሸጋ" አለች።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሸንቃጣ ቤት ውስጥ ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ቤቱ መቆሚያ የለውም፤ ስልኩ ላይ የሚያዩት ሰዎች ቁጥር ሺዎች ውስጥ ገብቶ ይሮጣል። ቤዛዊት ባነሩን በገዛ እጇ አውርዳ ጠቀለለችው። በወረቀት የያዘችው ንግግር ነበራት፤ ሁለት መስመር አንብባ ተወችው። "ይህች እናቴ ናት" አለች። "ርቦኝ አብልታኛለች። ኪራይ ሳትጠይቀኝ አኑራኛለች። እዚህ የምትበሉት ሁሉ የእሷ ነው። እኔ ግን ፎቶዋን ሰቅዬ ሰው እንዲስቅባት አደረግሁ። ሥራ አጥቼ ነበር፤ እሱ ምክንያት አይሆንም። እትዬ፣ በድዬሻለሁ።" ጎንበስ ብላ እግሯን ያዘች። የምታለቅሰው የእውነቷን ነበር። ሐረግ የፈለገችው ይህንኑ ነበር፣ ቃሉ ሳይዛነፍ። አቅፋ ብትስማት ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር።

"ተነሺ" ብላ አነሳቻት። ከዚያ ወደ ስልኩ ዞረች።

"ከሰላጣው ነው የከሳሁ ብዬ እንድናገር ነው የመጣሁ" አለች ረጋ ብላ። "ውሸት ነው። ከገና ጀምሮ እስከ ሁዳዴ በየቀኑ እዚህ በላሁ፤ አንዲት ጣት አልጎደልኩም። ልብስ ሰፊዬ ይህችውና፤ ወገቤን የምትለካው እሷ ናት። ጥሩነሽ፣ ጎድዬ ነበር?"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መቶ ስምንት ዓይኔ ላይ መጣ። በቅቤና በገንፎ የመለስናት እኛው ነን።

"አልጎደለችም" አልኩ።

"ያከሳኝ ጾም ነው" አለች ሐረግ። "ጾም ደግሞ በነፃ ነው። እቤታችሁ ጹሙ፤ ምስራችሁን ራሳችሁ ቀቅሉ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቤዛዊት አፏን ከፍታ ቀረች፤ እንባዋ ገና አልደረቀም ነበር።

ያ ቪዲዮ ጎንደርን አዳረሰ። "ጾም በነፃ ነው" የተማሪ ሁሉ ቀልድ ሆነ። ቤዛዊት በገዛ አፏ ፎቶ ሰቅዬ አሳቅሁባት ስላለች "ሌባ" ብለው የሚጽፉባት በረከቱ። ሰልፉ በአንድ ሌሊት ጠፋ። በኒቆዲሞስ ሳምንት ወንበሮቿን ሸጣ፣ ፍራሿንና ድስቶቿን ባጃጅ ላይ ስትጭን ሐረግ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ከማዶ ቆማ አየቻት። እኔም አየሁ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችንና አንገቷን ደፋች፤ ወደ መናኸሪያ ሄደች፣ ከዚያ ወደ ዛሪማ፣ ወደ እናቷ።

"ደስ አለሽ?" አልኳት ሐረግን።

"ይቅርታዋን ስሰማ ንዴቴ የሚወጣልኝ መስሎኝ ነበር" አለች። "አልወጣም። አሁን ፍራሿን ስትጭን ነው የወጣ።" ሽንኩርቷን ልትልጥ ገባች። እኔም ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ማታ ማታ ግን ሜትሬን ስጠቀልል ያ "አልጎደለችም" ያልኩት ነገር ትዝ ይለኝ ጀመር።

ስቅለት ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ሰገድን። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ቆሙ። ሰው ተራ በተራ እየቀረበ የበደለውን ይናገራል፣ ጀርባውን በቅጠሉ ጠብ ጠብ ያደርጉታል፣ የስግደት ቁጥር ይሰጡታል። የሁለታችንም የነፍስ አባት መምሬ ህሩይ ናቸው። እኔ ቀድሜ ቀረብኩ። "በሺህ ሰው ፊት ዋሸሁ" አልኩ። "አርባ" አሉኝ።

ሐረግ ቀረበች። "ዋሽቼ የአንዲት ልጅ የእንጀራ ገመድ በጠስኩ" አለች። "ይቅርታ ከጠየቀችኝ በኋላ።"

"ተጸጽተሻል?"

ከኋላችን ያለው ሰው ተቁነጠነጠ።

"አልተጸጸትኩም አባቴ። እንዲመጣልኝ ቆሜ ለምኛለሁ፤ አልመጣልኝም።"

"ልጅቱ የት ናት?"

"ዛሪማ።"

"ደውዪላት።"

"በሰሞነ ሕማማት ሰላምታ የለም አባቴ።"

"ይቅርታ ሰላምታ አይደለም፤ ይፈቀዳል" አሉ መምሬ ህሩይ።

ስልኳ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሯል። እጇ ወደዚያ ሄደ፣ ቋጠሮውን ጨበጠ፣ ቆየ። ከዚያ ለቀቀው። "አልችልም" አለች። "የስግደት ቁጥሬን ይስጡኝ።"

መምሬ ህሩይ ቅጠሉን ጀርባዋ ላይ አሳረፉት፤ አልጠበጠቧትም። "ቁጥር ለተጸጸተ ነው የሚሰጠው። ላንቺ የምሰጠው የለኝም" አሉና ወደሚቀጥለው ሰው ዞሩ።

አርባዬን ሰግጄ ጨረስኩ። ሐረግ ከቅጥሩ አጠገብ ብቻዋን ቆማ ትሰግዳለች፤ ትወድቃለች፣ ትነሣለች፣ ትወድቃለች። ሰው ነጠላውን እያራገፈ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ለመነሣት መሬቱን በእጇ ስትደገፍ አይቼ ቀረብኳት።

"ሐረግ፣ ይብቃሽ፣ እንሂድ።"

"ስንት ሆነ?" አለችኝ ስግደቷን ሳታቋርጥ።

"እኔ እንጃ፤ አልቆጠርኩም።"

"እኔም" አለችና ግንባሯን እንደገና መሬት አስነካች።